የምንወደው ደራሲ ቅር ሲያሰኘን

አንድ ደራሲ በመጻሕፍቱ አማካይነት ወዳጃችን ከሆነ በኋላ፥ ከብዕሩ የወጣውን ሁሉ በመልካም ዐይን ለመመልከት ልባችን ያዘነብላል። ስሙን በመጽሐፉ ልባስ ላይ ስናይ ገና ሳንገልጠው ደስ ይለናል። ስለዚህም ከእንዲህ ያለው ወዳጅ ደካማ ሥራ ሲደርሰን የሚሰማን ቅሬታ፥ ከማናውቀው ጸሐፊ ከሚመጣው የበረታ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ አንባቢ ደካማውን መጽሐፍ በግድ ያመሰግነዋል፤ ሌላው ደግሞ ደራሲውን ከነመልካም ሥራው አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ሁለቱም መንገዶች የቀኑ ሆነው አይታዩንም። ምክንያታችንን በአንድ ምሳሌ ለመግለጥ እንሞክራለን።

ምሳሌያችን የሩስያው ደራሲ ፌዮዶር ዶስቶየቭስኪ ነው። «ወንጀልና ቅጣት» የተባለውን ወይም «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» የተባለውን መጽሐፉን ያነበበ ሰው፥ ይህ ደራሲ የተናቀውንና የወደቀውን ሰው በምን ያህል ርኅራኄ እንደሚመለከት ያውቃል። እኛም ከወጣትነታችን ጀምሮ የወደድነው ስለዚሁ ጠባዩ ነው። በቅርቡ «የአጎት ሕልም» የተባለውን አጭር ልብ ወለድ ታሪኩን በእንግሊዝኛ ትርጉም አግኝተን በታላቅ ጉጉት አነበብነው። ይህ ታሪክ በ1859 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከዋና ከተማ በራቀች አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሲሆን፥ የተጻፈውም አንባቢን ለማሳቅ ነው። ጨርሰን በዘጋነው ጊዜ ግን ቅር አለን።

የከተማይቱ ስም ሞርዳሶቭ ነው። በዚያች ከተማ በሐሜትና በተንኰል የሚወዳደራት የሌለ ማርያ አሌክሳንድሮቭና የምትባል እመቤት አለች። ባሏን ሞኝ ነው ብላ ወደ ገጠር ሰድዳ፥ ዚና ከተባለችው ልጇ ጋር በከተማ ትኖራለች። አንድ ቀን አንድ ባለጠጋ ሽማግሌ ልዑል በመንገድ ሳለ ሠረገላው ተገለበጠበትና ወደ ቤቷ አመጡት። ጠጕሩና ሪዙ ሰው ሠራሽ፥ አንድ ዐይኑም የመስተዋት ነው። አእምሮው በእርጅና ስለ ደከመ ጧት የተናገረውን ማታ አያስታውስም። እመቤቲቱም ከልጇ ጋር ልታጋባው ትወጥናለች፤ አጠጥታና ልጇን አዘፍና የጋብቻ ቃል ከአፉ ታወጣለች። ዚናን ሲመኝ የነበረ አንድ ጐልማሳ ግን ሊበቀል አስቦ፥ «ያ ቃል በሕልም የተናገሩት ነው» ብሎ ሽማግሌውን ያሳምነዋል። በመጨረሻም የከተማይቱ ወይዛዝርት በተሰበሰቡበት አዳራሽ ነገሩ ሁሉ ይገለጣል፤ ልዑሉ ይዋረዳል፤ በሦስተኛውም ቀን ባረፈበት ሆቴል ይሞታል።

ጨዋታው በብልኀት የተቀነባበረ መሆኑን አንክድም። የእመቤቲቱም አነጋገር በብዙ ስፍራ አስቆናል። ሆኖም ሳቁ የሚወድቀው በማን ላይ ነው ብለን በጠየቅን ጊዜ፥ ሐሳቡን መሰብሰብ በተሳነው በአንድ ደካማ ሽማግሌ ላይ ሆኖ አገኘነው። በየቤታችን የልጅ ልጆቹን ስም የሚያምታታ፥ የበላውን ረስቶ «እራት መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አያት ይኖራል። ልጆች በዚህ ሲስቁ እናቶች በዐይናቸው የሚገሥጹት፥ እርጅና ማንንም ሳይለይ የሚደርስ ዕዳ ስለ ሆነ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን የሚገሥጽ ዐይን ፈልገን አጣን። ዚና ብቻ በመጨረሻ እውነቱን ገልጣ ሽማግሌውን ይቅርታ ትጠይቀዋለች፤ ያንጊዜ መጽሐፉ ለጥቂት ገጾች የሰው ትንፋሽ ያገኛል።

ይልቁንም ያሳዘነን የመምህሩ ነገር ነው። ዚና በልቧ የምትወደው ቫስያ የሚባል አንድ ድኻ መምህር ነበረ። እናቷ ስታንቋሽሸው፥ አባቱ ዝቅተኛ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሆኑን፥ የወር ደመወዙም 12 ሩብል ብቻ መሆኑን ታነሣለች። እኛም ከደብር ትምህርት ቤት ወጥተን በመምህርነት ሙያ የምንኖር ነንና ይህን ሰው ባገኘነው ጊዜ ልባችን ተነካ። ዳሩ ግን ቫስያን በሥጋው የምናየው በመጨረሻው ምዕራፍ፥ በሳንባ በሽታ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ሞቱ ከሌላ መጽሐፍ ተቀድዶ የመጣ ይመስላል። ወዲያውም ታሪኩ ሦስት ዓመት ዘልሎ፥ ዚና የታላቅ ሹም ሚስት ሆና በጭፈራ አዳራሽ ስትታይ ይፈጸማል። ከሞርዳሶቭ ነዋሪዎች ሁሉ ይልቅ ልናውቀው የሚገባን ሰው ሳናውቀው ተቀበረ።

እንዲህ ያለ ልብ ያለው ደራሲ ስለ ምን እንዲህ ጻፈ? መልሱ በሕይወት ታሪኩ ይገኛል። ዶስቶየቭስኪ በ1849 ዓ.ም. ተይዞ ታሰረ፤ ከተከሰሰበትም ነገር ዋነኛው፥ ሐያሲው ቤሊንስኪ የጻፈውን የተከለከለ ደብዳቤ በወዳጆቹ ስብሰባ ላይ ማንበቡ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ከጓደኞቹ ጋር ወደ መግደያው አደባባይ ተወስዶ የሞት ፍርድ ተነበበለት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ከግንድ ታስረው ሳሉ የምሕረት ትእዛዝ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በኦምስክ ወህኒ ቤት በከባድ ሥራ ተቀጣ፤ ቀጥሎም በሰሚፓላቲንስክ ተራ ወታደር ሆነ። «የአጎት ሕልም» የተጻፈው በዚያ በግዞት አገር ነው፤ ከወህኒ ከወጣም በኋላ በስሙ ያሳተመው የመጀመሪያ ሥራው ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፥ የሳንሱር መርማሪ ከቶ ሊቈጣበት የማይችል ታሪክ መረጠ። እርሱ ራሱ በ1873 ዓ.ም. ታሪኩን ወደ ተውኔት ለመለወጥ ፈቃድ ለጠየቀው ሰው ሲመልስ፥ መጽሐፉን እንደማይወደው፥ የጻፈውም ሳንሱርን በመፍራትና ወደ ደራሲነት ሥራው ለመመለስ ብሎ እንደ ሆነ ገልጧል።

ይህን ካወቅን በኋላ በደራሲው ላይ የነበረን ቅሬታ ወደ ርኅራኄ ተለወጠ። መጽሐፉ ግን ያው መጽሐፍ ነው። የደራሲው መከራ ድካሙን ያስረዳናል እንጂ ገጾቹን አያሻሽልም። ለሰው የምናዝነው ኀዘንና ለሥራው የምንሰጠው ፍርድ በየራሳቸው ስፍራ ሊቆሙ ይገባል። ከፍርሃት የተወለደ ሳቅም፥ ጥርስ ያሳያል እንጂ ልብን አያሞቅም።

ደስ የሚያሰኘው ነገር፥ ዶስቶየቭስኪ ወደ ትንሿ ከተማ ዳግመኛ መመለሱ ነው። ከ1879 እስከ 1880 ዓ.ም. በታተመው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥ፥ በሞርዳሶቭ እንደ ነበረው ሁሉ የከተማው ወሬ ነጋሪ አለ፤ ሐሜተኞች ወይዛዝርት አሉ፤ በሰው ፊት የሚፈነዳ ቅሌትም አለ። በዚያም ሰው ሁሉ የሚስቅበት ስኔጊርዮቭ የሚባል ድኻ መኰንን በጢሙ ተይዞ ከመጠጥ ቤት ይጐተታል። በዚህ ጊዜ ግን ደራሲው ከሳቂዎቹ ጋር አልቆመም። ወደ ሰውየው ጎጆ ይዞን ይገባል፤ ስለ አባቱ ክብር ብቻውን የሚታገለውን ትንሹን ልጅ ኢልዩሻን ያሳየናል። ኢልዩሻም እንደ ቫስያ በሳንባ በሽታ ይሞታል፤ ነገር ግን ወዳጆቹ ሕፃናት ከተቀበረ በኋላ በአንድ ድንጋይ አጠገብ ተሰብስበው እንዳይረሱት ቃል ይገባሉ። ለቫስያ የተነፈገው ፍቅር ለዚህ ሕፃን ተሰጠ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

እንግዲህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ በቤታችሁ የሚያነብ ልጅ ካለ ከዶስቶየቭስኪ ጋር በ«የአጎት ሕልም» እንዲተዋወቅ አንመክርም፤ በ1846 ዓ.ም. ከታተመው «ድኾች» ከተባለው የመጀመሪያ መጽሐፉ ቢጀምር ይሻላል። ደካማው መጽሐፍ አስቀድሞ በእጁ ገብቶ ቅር ካሰኘውም፥ «ታላቅ ደራሲ ነውና መልካም ነው በል» ብላችሁ አታስገድዱት፤ ቅሬታው ትክክል መሆኑን ነግራችሁ ሌላውን መጽሐፍ ስጡት። የሚያስቅ መጽሐፍ ባነበበም ቁጥር፥ ሳቁ ካለፈ በኋላ ከተሳቀበት ሰው አጠገብ ተቀምጦ ጥቂት ሊያጫውተው ይወድ እንደ ሆነ ጠይቁት። ይህን ጥያቄ የለመደ ልጅ መጽሐፍን መመርመር ያውቃል፤ ከምድጃው አጠገብ ለተቀመጡት አያቱም መልካም ጓደኛ ይሆናል።