ሚኪ ከ100 ሰባ ምናምን አምጥቷል፤ ጭሮ ሲደርስስ?

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ አይጥ ነው።

ሚኪ ማውስን የማያውቅ የለም። ካርቱኑን አይቶ የማያውቅ ልጅ ራሱ ቦርሳው ላይ ወይ ቲሸርቱ ላይ ይዞት ትምህርት ቤት ሄዷል። ይሄው ሚኪ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጌም ይዞ ብቅ ብሏል። ሙሉ በሙሉ አዲስ ግን አይደለም፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው "ኤፒክ ሚኪ" ታድሶ "ኤፒክ ሚኪ ሪብረሽድ" ተብሎ ነው የመጣው። እንደ ሱፐር ማሪዮ እየዘለሉ የሚሄዱበት፣ ፕላትፎርመር የሚባለው ዓይነት ጌም ነው። የውጭ ገምጋሚዎች ነጥባቸውን ሰጥተዋል፤ አማካዩ ከ100 በ70ዎቹ ውስጥ ነው። ወዳቂ አይደለም፣ ሰቃይም አይደለም።

የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ይሄ ነጥብ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ የምትሉም አላችሁ)፣ ሂርና፣ በዴሳ ወይ ገለምሶ ላለ ልጅ ምን ይነግረዋል?

መጀመሪያ ታሪኩን እንወቅ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ያምራል። ሚኪ ሳያስበው አንድ ዓለም ላይ ቲነር ይደፋል። ቲነር ያው ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ እንደሚሉት ቀለም የሚያቀጥን ነገር ነው። ያ ዓለም ደሞ የተረሱ ካርቱኖች መኖሪያ ነበር። ሚኪ በቀለም እየሠራ፣ በቲነር እያጠፋ መንገዱን ይፈልጋል። እዚያ የሚጠብቀው ኦስዋልድ የሚባል ጥንቸል ነው፣ በሚኪ ቂም የያዘ።

ቂሙ ደሞ እውነተኛ መነሻ አለው። ዋልት ዲዝኒ በ1927 መጀመሪያ የሠራው ኦስዋልድን ነው። ባለቤትነቱ ግን የዩኒቨርሳል ነበርና በ1928 ጥንቸሉን አጣው፤ በምትኩ ሚኪን ፈጠረ። አይጡ ዓለምን ሲገዛ ጥንቸሉ ተረሳ። ዲዝኒ ኦስዋልድን ያስመለሰው ገና በ2006 ነው፤ እሱንም አል ማይክልስ የሚባል የስፖርት ኮሜንታተር ወደ ኤንቢሲ እንዲሄድ ለቆ ነው። ጥንቸል በኮሜንታተር! ዝውውር ይሉሃል ይሄ ነው።

በ2010 ጌሙ ኒንቴንዶ ዊ ላይ ሲወጣ ብዙ ተጠብቆ ነበር። የመራው "ዴውስ ኤክስ"ን የሠራው ዋረን ስፔክተር ነው። ገምጋሚዎቹ ታሪኩን፣ ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን አወደሱ። አንድ ነገር ግን አላለፉትም፤ ካሜራውን። ሚኪ ሊዘል ሲል ካሜራው ሌላ ቦታ ያያል፤ የሚረግጠውን ሳያይ ገደል ይገባል። በ2012 የወጣው ክፍል ሁለት ከዚህም የባሰ ነጥብ አገኘ። በጥር 2013 ዲዝኒ ጌሙን የሠራውን ስቱዲዮ፣ ጃንክሽን ፖይንትን፣ ዘጋው።

የታደሰውን የሠራው ፐርፕል ላምፕ የሚባል የቪየና ስቱዲዮ ነው። ካሜራው ተስተካከለ፣ ሚኪ ፍጥነት ተጨመረለት፣ ሥዕሉ ጠራ። ግምገማውም እንደተጠበቀው ሆነ፤ ካሜራው ተሻለ ግን አልፎ አልፎ አሁንም ያስቸግራል፣ "ይህን አምጣልኝ፣ ያንን አድርስልኝ" የሚለው ተልዕኮ ይበዛል፣ ታሪኩ ግን ልብ ይነካል።

እንግዲህ ይሄን ግምገማ ወደኛ እናምጣው። እዚህ ሲደርስ ይገለበጣል።

ከሁሉ በላይ የተወደሰው ታሪኩ ነው። ታሪኩ ግን ያለው ባብዛኛው በጽሑፍ ነው፣ አፋን ኦሮሞም አማርኛም የለውም። እንግሊዝኛ ለማይቀለው ልጅ ኦስዋልድ ለምን እንደሚያኮርፍ የሚነግረው የለም። ቶም ኤንድ ጄሪ እኛ ጋ የነገሠው እኮ ስለማይናገር ነው። በዲሽ በኤምቢሲ 3 በኩል ያደግን ብዙዎች ነን፤ ዐረብኛ ቻልንም አልቻልን ድመቱ በመጥበሻ ሲመታ ይገባናል። የተወቀሰው ካሜራ ግን ያለ ትርጉም ይገባል። ገደል ገደል ነው። ስለዚህ ጥሩው ጎን ይዘጋብናል፣ መጥፎው ጎን እንዳለ ይደርሰናል።

ሁለተኛው ትዝታ ነው። እንዲህ ዓይነት ጌም ሲገመገም ግማሹ ነጥብ የልጅነት ነጥብ ነው። በጌሙ ውስጥ ሚኪ በድሮ ጥቁርና ነጭ ካርቱኖቹ ውስጥ እየዘለለ ያልፋል። የ1928ቱን "ስቲምቦት ዊሊ" አይቶ ላደገ ሰው ይሄ ስጦታ ነው። ላላየው ልጅ አሮጌ የሚመስል ክፍል ነው። ልጁ አልገባውም ማለት አይደለም፤ ትዝታው የሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

ዋጋውንስ ማን ይገመግማል? ጌሙ ሲወጣ ዋጋው 60 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ገባ። ከዚያ በፊት ቢወጣ 3,400 ብር አካባቢ ይሆን የነበረ ጌም ሲወጣ ከ6,000 ብር በላይ ሆነ። ለዚያውም በዶላር የሚከፍል ካርድ ካላችሁ። ኮንሶሉን ገና አልቆጠርንም።

"ጌም ቤት ሄደን እንጫወተዋለን" የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። የጌም ቤት ሒሳብ በጨዋታ ነው። ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ቀጣዩ ይገባል። ኳስ ጌም የነገሠው ኳስ ስለምንወድ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ለሱ ስለሚመች ነው። ኤፒክ ሚኪ የአንድ ሰው ጌም ነው። ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፣ ሴቭ እያደረጋችሁ ነው የምትጓዙት። ማን ከማን ጋር ተሸንፎ ይከፍላል? ከኋላ ወረፋ የያዘው እየጮኸባችሁ ኦስዋልድን ማጽናናት አይቻልም። መብራት ከሄደ ደሞ ሴቭ ያላደረጋችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ባለቤቱ በዚህ ሒሳብ ሚኪን ቢገዛ እኛ ራሳችን እንገረማለን።

ስለዚህ አብዛኞቻችን የምንደርስበት በማየት ነው። ዩቲዩብ ላይ ሌላ ሰው ሲጫወት፣ ጥራቱን ዝቅ አድርገን፣ ፓኬጁ እስኪያልቅ። ሳንጫወት እንፈርዳለን ማለት ነው። ይሄን ለማሾፍ አይደለም የምንለው፤ ታሪኩን በማየት መረዳት ይቻላል። እጅ ላይ እንዴት እንደሚሰማ ግን በማየት አይታወቅም፤ የፕላትፎርመር ነፍሱ ደሞ እሱ ነው።

አንድ አስቸኳይ ነገር። ይሄ ጌም የወጣው ለፕሌይስቴሽን፣ ለኤክስቦክስ፣ ለኒንቴንዶ ስዊችና ለኮምፒውተር ነው። ይፋዊ የስልክ ቅጂ የለውም። በቴሌግራም "ኤፒክ ሚኪ ለአንድሮይድ፣ ነፃ" የሚል ፋይል ከደረሳችሁ አትጫኑት። የሞባይል ቤቱ ልጅ "አለኝ፣ በሜሞሪ ልጫንልህ" ቢላችሁም ያው ነው። ቴሌብራችሁ ያለው እዚያው ስልክ ላይ ነው። የትኛውም የውጭ ገምጋሚ ይሄን አይጽፍላችሁም፣ ምክንያቱም የሱ ችግር አይደለም።

ታዲያ ለኛ የሚሆን ግምገማ ምን ይመስላል? ስንት ሜጋ ይበላል? ያለ ኔትወርክ ይሠራል ወይ? ራሙ ትንሽ በሆነ ስልክ ይንቀጠቀጣል? ማስታወቂያው በየስንት ደቂቃው ነው? እንግሊዝኛ ሳያነቡ መጫወት ይቻላል? እነዚህ ተራ ጥያቄዎች ይመስላሉ፤ ግን አንድ ጌም ጭሮ ላይ መሞቱንና መኖሩን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

የራሳችን ገጸ ባሕርያትም ገምጋሚ የላቸውም። ኦስዋልድ ወደ ቤቱ በተመለሰበት በዚያው 2006 እ.ኤ.አ. ብሩክታዊት ጥጋቡ የፈጠረቻት ፀሐይ የምትባል ቀጭኔ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ማስተማር ጀመረች፤ ኋላም አፋን ኦሮሞ ተናገረች። አሁን ሃያዎቹ ውስጥ ላለን ሚኪን የምታክል ትዝታ እሷ ናት። ፀሐይን እያዘለልን የምንጫወትበት ጌም ቢኖር ገምጋሚዎቹ ትዝታውን አያገኙትም ነበር፤ እኛ እናገኘው ነበር።

ከአገር ውስጥ ጌሞች የሚቀርበው የቅኔ ጌምስ "ኩኩሉ" ነው። ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት፤ በትክክል ፕላትፎርመር ሳይሆን ሩጫ ነው፣ ግን መዝለል አለ፣ አገሩም የኛ ነው። ስለሱ የምታገኙት ግን ባብዛኛው ዜና ነው፤ "ኢትዮጵያዊ ጌም ወጣ"፣ "ተሸለመ"። ዶሮዋ ስትዘል ጣት ላይ ትዘገያለች ወይስ አትዘገይም የሚል ጽሑፍ ፈልጉ እስቲ። "ጎበዝ፣ የኛ ነው" ብሎ ማለፍ ደግነት ይመስላል፤ ለሠሪው ግን ምንም አይጠቅመውም። ኤፒክ ሚኪ ካሜራው የተስተካከለለት እኮ በ2010 ፊት ለፊት ስለተነገረው ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ተገምጋሚያችን ኩኩሉ ናት። የምንሞክራት ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ፣ ዳታ አጥፍተን ነው። የስልካችሁን ዓይነት ጽፋችሁ የሞከራችሁትን ላኩልን፣ አንድ ላይ እናወጣዋለን። በአፋን ኦሮሞ የላካችሁትን እንዳለ በአፋን ኦሮሞ እንለጥፋለን።