ሳይሰሙ መቅጣትና የትምህርት ቤት ሹማምንት

በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፤ በኮሎምበስ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ሁከት በተነሣ ጊዜ ዲሬክተሮቹ ብዙ ተማሪዎችን እስከ 10 ቀን ድረስ ከትምህርት አገዱ። የግዛቱ ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ ለወላጅ ማስታወቅን እንጂ የተማሪውን ቃል መስማትን አያስገድድም ነበር። ከታገዱት አንዱ በምሳ አዳራሹ ከተመልካችነት በቀር ጥፋት እንዳልነበረበት ለፍርድ ቤት አስረዳ፤ ይህንንም የሚያፈርስ ማስረጃ አልቀረበበትም።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 22 ቀን 1975 ዓ.ም. በ5 ድምፅ በ4 ላይ ለተማሪዎቹ ፈረደ። ዳኛ ባይረን ኋይት የጻፉት ፍርድ፤ መንግሥት የሰጠውን የመማር መብት ያለ ተገቢ ሥርዓት ሊነሣ አይችልም ይላል። የታዘዘው ሥርዓት ግን ከባድ አይደለም፤ ክሱን መንገር፤ ተማሪው ቢክድ ማስረጃውን መግለጽ፤ መልሱንም መስማት ነው። ለአጭር እገዳ ጠበቃ ማቆም አልታዘዘም። አደገኛ የሆነውንም ወዲያው አስወጥቶ ቃሉን ሳይዘገዩ መስማት ይቻላል።

ፍርዱን የተቃወሙት ዳኛ ሉዊስ ፓወል፤ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት የዕለት ሥራ ውስጥ ይገባል ብለው ሠጉ። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ በየቅጣቱ የሚከሰስ ሹም ሥርዓት ማስከበር ይቸግረዋልና። ነገር ግን በማግሥቱ ወር ያው ፍርድ ቤት፤ የተማሪን የታወቀ መብት የጣሰ የትምህርት ቤት ሹም በግሉ ካሣ ሊጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። እንግዲህ በማዳመጥ የሚያልፉት ጥቂት ደቂቃዎች ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለሹሙም መከላከያ ናቸው። ነጋዴ ደረሰኙን ሳያይ ሒሳቡን እንደማይዘጋ ሁሉ፤ አስተዳዳሪም ተከሳሹን ሳይሰማ ውሳኔውን ሊፈርም አይገባውም።