አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ይህን የምጽፍላችሁ ከቶሮንቶ፣ ከሪጀንት ፓርክ ነው። ሠፈሩን ለማታውቁት፣ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠራ የመንግሥት ቤቶች መንደር ሲሆን ከ2005 ወዲህ ደግሞ እየፈረሰ እንደ አዲስ በመገንባት ላይ ይገኛል (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በዚህች ከተማ ለዓመታት ታክሲ ነድቻለሁና የምናገረው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

ባልደረቦቼ ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር የሚያነሱት ወሬ ፔዲካብ ነው። በፔዳል የሚነዳው ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ማለቴ ነው፤ የቤዝቦል ጨዋታ ሲያልቅ ስታዲየሙ አካባቢ ተሳፋሪ ይጠብቃል። «እኛ በሜትር እንሠራለን፣ ኢንሹራንሱ ይገድለናል፤ እነሱ ግን አፋቸው ያመጣላቸውን ዋጋ ይጠራሉ። ከተማው ይከልክልልን!» ይላሉ።

ቅሬታው ከንቱ ነው አልልም። ለንደንን ተመልከቱ። እዚያ ፔዲካብ በ1869 በወጣ፣ የፈረስ ጋሪ ዘመን ሕግ ቀዳዳ ሾልኮ ያለ ፈቃድና ያለ ታሪፍ ለዓመታት ሠርቷል። የታክሲ ነጂዎች ማኅበራት ጨርሶ ይታገድ ብለው ሲሟገቱ ኖሩ፤ ፈቃድ ከተሰጠውማ ሕጋዊ ሊሆን ነው በማለት ደንብ መውጣቱን ራሱን የተቃወሙም ነበሩ። በመጨረሻ በ2024 የወጣው ሕግ ለከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፈቃድ የመስጠትና ዋጋ የመተመን ሥልጣን ሰጠው። ዕገዳ ሳይሆን ሥርዓት። ይህን እኔም እደግፋለሁ።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ የቶሮንቶን ታክሲ የገደለው ፔዲካብ ነው እንዴ? በ2012 ገደማ አንድ የታክሲ ታርጋ እስከ 360 ሺህ ዶላር ይሸጥ ነበር። ስንቱ ስደተኛ ጡረታዬ ነው፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው ብሎ ተበድሮ ገዛው! ከዚያ ኡበር መጣ። ከተማው ከስሶት በ2015 ተረታ፤ በሜይ 2016 ምክር ቤቱ ሕጋዊ አደረገው። የእኛ ታርጋ በቁጥር ተገድቦ ሳለ ለእነሱ መኪና ገደብ የለውም ተባለ። የነጂዎች ሥልጠና ግዴታም ያኔ ቀረ፤ እንዲመለስ የተወሰነው በ2018 አንድ ወጣት ተሳፋሪ በአደጋ ከሞተ በኋላ፣ በ2019 ነው። በኦክቶበር 2023 ደግሞ ምክር ቤቱ ለኡበርና ለመሰሎቹ ነጂዎች አዲስ ፈቃድ መስጠት ይቁም ብሎ ወሰነ። ኡበር ፍርድ ቤት ሄደ። ዲሴምበር ላይ ውሳኔው ተሻረ። በሁለት ወር!

ፔዳል የሚመታው ልጅስ ጠበቃ አለው? አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ነገሩ ከአገር ቤትም የምናውቀው ነው። በ2015 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ባጃጅ ላልተወሰነ ጊዜ ታገደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቅድመ ሁኔታ ተፈቀደ እንጂ፣ በብድር ባጃጅ ገዝቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ወጣት በእነዚያ ቀናት ምን በላ ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን አልሰማሁም። እዚህ ሆነን ግፍ ነው ያልን ሰዎች ነን። እዚያ ግፍ የሆነው እዚህ ፍትሕ የሚሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው?

የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ታሪክ እኮ እንዲህ አልነበረም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ሲጨምር ሥራ ያቆሙት ታክሲ ነጂዎች የተጋፈጡት ዙፋኑን እንጂ ጋሪ ነጂውን አይደለም፤ መንግሥትም ከጭማሪው ለመቀነስ ተገደደ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የቅንጅትን ጥሪ ሰምተው ጡሩምባ በማሰማታቸው የታሰሩትም ማንን ደፍረው እንደነበር የዚህ ዓምድ አንባቢ ያውቃል።

ስለዚህ ለከተማው የምናቀርበው ጥያቄ ይለወጥ። ፔዲካብ ዋጋውን ጽፎ ይለጥፍ፣ ኢንሹራንስ ይግባ፣ ነጂው ይመዝገብ፤ ከዚያ ሠርቶ ይብላ። ጉልበታችንን ግን የኡበርን መኪና ብዛት በማስገደብና ታርጋ ገዝተው ለከሰሩት ካሣ በመጠየቅ ላይ እናውለው። የከተማው ምክር ቤት ኮሚቴዎች ፊት ማንም ነዋሪ ተመዝግቦ መናገር ይችላል። የሚመዘገብ ካለ አብሬው እሄዳለሁ፤ እንግሊዝኛው ይከብደኛል የሚል ካለም ንግግሩን ቁጭ ብለን አብረን እንጽፈዋለን።