የባሕር ቁና

የዚህ ሳምንት ቃላችን «ቁና» ነው። ቁና እህል የሚሰፈርበት ዕቃ ነው። ሻጭና ገዢ በአንድ ቁና ከሰፈሩ ጠብ የለም። ሁሉም የየራሱን ቁና ይዞ ከመጣ ግን ገበያው ይረበሻል። ባሕር የሚያጠኑ ሰዎችም እንዲህ ያለ ችግር ያጋጥማቸዋል።

ከምኖርበት ከሬድመንድ በስተሰሜን ምዕራብ ሃሮ ስትሬት የሚባል የባሕር መተላለፊያ አለ። በአንድ በኩል የዋሽንግተን ግዛቷ ሳን ዋን ደሴት፣ በሌላ በኩል የካናዳው ቫንኩቨር ደሴት ይገኛል። ባሕሩ በየቀኑ ሲሞላና ሲጎድል ውኃው በዚያ ጠባብ ቦታ እየተጋፋ ያልፋል፤ ይሽከረከራል፤ የታችኛው ከላይኛው ጋር ይደባለቃል። ይህን «ነውጥ» እንበለው።

ሻይ ውስጥ ስኳር ጨምራችሁ ካላማሰላችሁት ስኳሩ ከታች ይቀራል። ባሕርንም የሚያማስለው ነውጥ ነው። ሙቀትን ወደ ታች ያወርዳል፤ ጥቃቅን ዕፅዋት የሚያድጉበትን ምግብ ወደ ላይ ያወጣል። ዓሦች የሚኖሩት በዚህ ነው። ስለዚህ ነውጡን በትክክል መለካት ያስፈልጋል።

መለኪያው ሺር ፕሮብ ይባላል። እንደ እርሳስ ቀጭን ነው። ረዥም ቱቦ በሚመስል መሣሪያ ጫፍ ላይ ተተክሎ ወደ ውኃው ይወርዳል። ውኃው ወደ ጎን ሲገፋው በውስጡ ያለች ትንሽ ሴራሚክ ትታጠፍና ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ያ ይመዘገባል። ነገር ግን መሣሪያው ራሱ ሲንቀጠቀጥ ወይም አንዲት ትንሽ የባሕር ፍጡር ስትነካው መዝገቡ ላይ ነውጥ ይመስላል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንዱን መዝገብ በየራሳቸው መንገድ ቢያሰሉት ሁለት የተለያየ መልስ ሊያገኙ ይችላሉ።

በ2024 አቶሚክስ የተባለ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን አምስት የማመሳከሪያ መረጃዎችን አሳተመ። አንዱ የተወሰደው ከጎረቤታችን ከሃሮ ስትሬት ነው። እያንዳንዱ መረጃ ከመጀመሪያው መዝገብ እስከ መጨረሻው ቁጥር በአራት ደረጃ ተቀምጧል። ማንም ሰው የራሱን ስሌት ከዚያ ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመለት የት ላይ እንደተለየ ያያል። ፕሮግራም የሚጽፍ ወላጅ ያላችሁ ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ፤ አዲስ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚፈተነው መልሱ በታወቀ ጥያቄ ነው።

አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። በሌላው ላይ ያደረግኸው በአንተም ላይ ይደርሳል ማለት ነው። እኔ ለሳይንስም የሚስማማ ሆኖ አገኘሁት፤ የሌላውን ቁጥር የሚመረምር ሰው የራሱንም በዚያው ቁና ያስመረምራል።

የሳምንቱ የቤት ሥራ፦ አያቶቻችሁን «እህል በምን ትሰፍሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሳቸውንም በአማርኛ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉት።