አየሩ የጋራ፣ ጩኸቱ የግል

መጀመሪያ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቢሯችን ውስጥ ቪዲዮ የሚያቀናብረውን ልጅ ነው ይቅርታ የምንጠይቀው። ሁለት ወር ሙሉ «ኢንተርኔቱን የምትጨርሰው አንተ ነህ» ስንለው ከረምን። ፊልም ያወርዳል ብለን አማነው። አንድ ቀን ጭራሽ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ቀይረን ለሁሉም ነገርንና ለእሱ ደበቅነው። የዚያን ዕለት ከሰዓትም ኢንተርኔቱ ያው ነበር። ግን ማናችንም «ተሳስተናል» አላልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ባለ ስምንት ፎቅ ህንፃ ላይ፣ በጂፕሰምና በመስታወት ከተከፋፈሉት ክፍሎች አንዷን ተከራይተን እንሠራለን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኢንተርኔቱ ሸጋ ነው። አራት ሰዓት ሲሆንና ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሲገቡ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ እያለ ምንም ነገር አይከፈትም። ለሬዲዮ ፕሮግራም የቀዳነው ቃለ ምልልስ «እየተላከ ነው» እንዳለ ሰዓቱ አለፈ፤ የምናገኘውም ገንዘብ አብሮ አለፈ። ታዲያ ምን አደረግን? የኢንተርኔት አቅራቢያችንን ሰደብን። ከኪሳችን አዋጥተን ፍጥነቱን በእጥፍ አሳደግን። ባለ ሦስት አንቴና ራውተር ገዛን። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ረስተነው ነበር።

መልሱን ያገኘው ያው ያማነው ልጅ ነው። ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘና ያንኑ ከባድ ፋይል ላከው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሄደ። ገመዱን ነቅሎ በዋይፋይ ሞከረው፤ ቆመ። ቀጥሎ እዚያው ክፍላችን ውስጥ ላለው ራውተር ፒንግ አደረገ። በጥቂት ሚሊ ሰከንድ መመለስ የነበረበት መልስ አንዴ 300፣ አንዴ 800 ሚሊ ሰከንድ ፈጀ፤ አንዳንዱም ጭራሽ አልመጣም። ልብ በሉ፣ ይህ መልእክት ከክፍላችን እንኳ አልወጣም! ችግሩ ያለው ከአቅራቢው ዘንድ ሳይሆን በእኛና በራውተራችን መካከል ባለችው ሦስት ሜትር አየር ላይ ነበር።

በስልኩ ላይ ዋይፋይ የሚቃኝ አፕ ከፍቶ ሲያሳየን 31 ኔትወርክ ቆጠርን። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ። አብዛኞቹ 2.4 ጊጋ ኸርዝ በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ ተኮልኩለዋል። በብዙ አገሮች እዚህ መንገድ ላይ 13 ቻናል አለ ይባላል፤ ግን ቁጥሩ ያታልላል። በአንዱና በሚቀጥለው ቻናል መካከል ያለው 5 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ሲሆን አንድ ራውተር ሲያወራ 20 ሜጋ ኸርዝ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ለመቆም የተለመዱት ሦስቱ ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11።

አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ይሰማማሉ፤ እንደ ታክሲ ሰልፍ ተራ ይጠብቃሉ። ሰልፉ ሲረዝም ያዘገማል፣ ግን ሥርዓት አለው። በመሀል ቻናል የገባው ግን ጎን ለጎን ካሴት እንደሚያስጮሁ ሁለት ሙዚቃ ቤቶች ነው፤ የአንዱ ዘፈን ለሌላው ጫጫታ ነው። እኛስ የት ነበርን? ቻናል 3 ላይ! «ባዶ ነው» ብለን ራሳችን መርጠነው 1ንም 6ንም ስንረብሽ ከርመናል። ይባስ ብለን ስፋቱን 40 ሜጋ ኸርዝ፣ ጉልበቱንም እስከ መጨረሻው አድርገነው ነበር። ስንሰድበው የከረምነው ጩኸት ውስጥ የእኛም ድምፅ ነበረበት።

ራውተሩ ራሱ ይምረጥ የምትሉ ትኖራላችሁ። ብዙዎቹ የሚመርጡት ሲነሱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የህንፃው ራውተር ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነሳል፤ እያንዳንዱ ዙሪያውን ሲያይ ሌላው ገና አልተነሳም። ሁሉም «ነፃ ነው» ያለውን ይይዛል።

ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ መሄድስ? መሄድ ነው! ቻናሉ ብዙ ነው፤ ግድግዳ ቶሎ ስለሚያዳክመውም የጎረቤት ጩኸት ይቀንሳል። ግን እዚያም ሁሉም ስፋቱን 80 ሜጋ ኸርዝ ካደረገ አንዱ ራውተር ብቻውን 36፣ 40፣ 44 እና 48ን ጠቅልሎ ይይዛል። ስግብግብነታችንን ይዘን ከሄድን ሰፈር መቀየሩ ብቻውን አያድነንም።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። 2.4ቱን ወደ 20 ሜጋ ኸርዝ መለስን፣ ቻናል 11 ያዝን፣ ጉልበቱን ዝቅ አደረግን፣ አዳዲሶቹን ስልኮችና ላፕቶፖች ወደ 5 አዛወርን፣ የማይንቀሳቀሱትን ኮምፒውተሮች በገመድ አሰርን። ከዚያ የጎረቤት በር አንኳኳን። ሁለቱ ተስማሙ፤ አንደኛው 1፣ ሌላኛው 6 ያዙ። ሦስተኛው የይለፍ ቃሉን ልንወስድበት የመጣን መስሎት በሩን ዘጋብን። አልፈረድንበትም፤ እኛም የገዛ ባልደረባችንን ሌባ ያልን ሰዎች ነን። ሆኖም ፒንጉ አራት ሰዓት ላይም ወደ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ወረደ። ለፍጥነት ያዋጣነው ገንዘብ ግን በከንቱ ቀረ።

ይህ አየር ባለቤት የለውም። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 እነዚህን ሞገዶች ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውሉ በመክፈቱ ነው ዋይፋይ የተወለደው። ማንም ሳያስፈቅድ ይጠቀማል፤ ሲበላሽም የሚከሰስ የለም። ስለዚህ የቀረን መስማማት ነው። ባለህንፃዎች ለመኪና ማቆሚያ መስመር ያሰምራሉ፣ ለቆሻሻ ሰዓት ይመድባሉ። የትኛው ክፍል 1፣ የትኛው 6፣ የትኛው 11 እንደሚይዝ አንድ ወረቀት ኮሪደር ላይ ለመለጠፍ ምን ይከብዳቸዋል? እነሱ ባይለጥፉ እኛው ተከራዮች እንለጥፈው።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላሉ አባቶቻችን። በዋይፋይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ባለቤቱ በጮኸ ቁጥር ጎረቤት ይጎዳል። እስቲ ነገ ራውተራችሁን ዝቅ አድርጉና የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።

አንተም ወንድማችን፣ አዲሱ የይለፍ ቃል ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጧል።