የመደርደሪያው ዋጋና የደረሰኙ ዋጋ

ለአሠሪዎቻችሁ አስቤዛ የምትገዙ እህቶች፣ በአንዳንድ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ወረቀት የሚመስሉ ትንንሽ የዋጋ ማሳያዎችን ሳታዩ አልቀራችሁም። እነዚህ ወረቀት ሳይሆኑ ኤሌክትሮኒክ ናቸው። በውስጣቸው ፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፉ ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ የቀለም ብናኞች አሉ። ብናኞቹ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው፣ ከኮምፒውተር ትእዛዝ ሲመጣ የተፈለገው ቀለም ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። ቀዩ ብዙ ጊዜ ቅናሽን ለማሳየት ይውላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብናኞቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ኤሌክትሪክ ባይኖርም እዚያው ይቆያሉ። ባትሪው ቢያልቅ ወይም አዲሱ ትእዛዝ ባይደርስ፣ የድሮው ዋጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካሸሯ ግን በአዲሱ ዋጋ ልታስከፍላችሁ ትችላለች።

ልዩነቱ ጥቂት ሪያል ወይም ድርሃም ቢሆንም፣ መልስ ጎደለ ተብሎ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። የመደብር ስህተት የእናንተ ጥፋት ሆኖ መቆጠር የለበትም። ስለዚህ ውድ ዕቃ ወይም ቅናሽ ያለው ዕቃ ስታነሱ ማሳያውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ካሸር ጋር ስትደርሱ ከደረሰኙ ጋር አስተያዩት፤ ካልገጠመ ከመደብሩ ሳትወጡ ጠይቁ። ደረሰኙን ለማዳም ከመልሱ ጋር አስረክቡ፤ ፎቶውንም ሒሳቡ እስኪዘጋ አታጥፉት።