«የምደብቀው የለኝም» ለሚሉ ወገኖቼ

ስለ ስለላ ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «እኔ ተራ ሰው ነኝ፣ ምን የምደብቀው አለኝ?» ከጡረታ ወዲህ የዘመድ አዝማዱን ኮምፒውተር ማየት ሥራዬ ስለሆነ ይህችን አባባል እስኪሰለቸኝ ሰምቻታለሁ። ወንድሜ፣ አንተ የምትደብቀው ባይኖርህም አገር ቤት የምትጽፍልህ እኅትህ፣ ለእስረኛ ቤተሰብ ብር የምታደርስልህ ጓደኛህ በኢሜይልህ ውስጥ አሉ። በአንተ ግዴለሽነት የሚታሰሩት እነርሱ እንጂ ሜሪላንድ የተቀመጥከው አንተ አይደለህም።

ወሬ እንዳይመስላችሁ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ባወጣው ጥናት፣ ፊንስፓይ የተባለው ሰላይ ፕሮግራም የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ይሰራጭ እንደነበርና የሚዘርፈውን ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰርቨር ያቀብል እንደነበር አጋለጠ። ፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል ስም እንዲጠራ የፈቀደለት የሜሪላንድ ነዋሪ ወገናችን ኮምፒውተር የተያዘው በአንድ የዎርድ ፋይል ነው። ለወራት የስካይፕ ንግግሩና ኢሜይሉ፣ የልጁ የቤት ሥራ ፍለጋ ሳይቀር ይቀዳ ነበር። ጥናቱ በወጣ በአምስተኛው ቀን ፕሮግራሙን ከሩቅ ሊያጠፉት ሞከሩ፤ ዱካው ግን ቀረ።

ኪዳኔ በ2014 ከሰሰ። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 ምን አለ? ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመም፣ ስለዚህ የውጭ መንግሥት አይከሰስም! የመንግሥት ሌባ በመስኮት ቢገባ ይጠየቃል፣ አገሩ ቁጭ ብሎ በሽቦ ቢገባ ግን አይጠየቅም ማለት ነው። ስንት ዓመት የኤሌክትሪክ ሕግ ስማር ኖሬ እንዲህ ያለ ሕግ አላጋጠመኝም።

ሻጮቹስ? በዲሴምበር 2013 የኢሳት ባልደረቦችን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ለመያዝ የተሞከረው በሚላኖው ሀኪንግ ቲም ፕሮግራም ነው። የእስራኤሉ ሳይበርቢት ደግሞ «ፍላሽ ፕሌየር አሳድሱ» በሚል የሐሰት ማሳሰቢያ ወደ ኦሮሞ ተቃዋሚዎች መላኩ በ2017 ተጋለጠ። ስለ ሰብአዊ መብት ሊሰብኩን የሚመጡት እነዚሁ አገሮች ናቸው። በ2018 አዲስ አበባ ላይ ሰዎቹ ሲለወጡ ብዙዎቻችን እፎይ አልን፤ ያ ሁሉ መሣሪያና የተሰበሰበው ፋይል የት እንደገባ ግን ሊነገረን ይገባል።

የጓሮ በር የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። ፋይሉ ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ መስሎ ይመጣል፣ ትከፍተዋለህ፣ ሥዕሉም ይታይሃል፤ ከሥር ግን ፕሮግራም ተተክሏል። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል፣ ራሱ ወደ ጌታው ይደውላል፣ ትእዛዝ ይቀበላል። በሩን ከውስጥ የሚከፍተው ባለቤቱ ስለሆነ ከውጭ የሚገባውን የሚከለክለው ፋየርዎል አያድነውም። በነፃ ተገኘ ብለን የምንጭነው ክራክ የተደረገ ዊንዶውስማ ከነጓሮ በሩ ሊመጣ ይችላል።

አንቲቫይረሱ «ንጹሕ ነው» ስላለ አትዘናጉ፤ እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከእርሱ እንዲያመልጡ ተደርገው ነው። ስትጠረጥሩ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጡ። ፓስወርድ በዚያው ኮምፒውተር አትቀይሩ፤ የምትነኩትን ፊደል ሁሉ ያያልና አዲሱን ቁልፍ ለሌባው ማስረከብ ነው። በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ቀይሩ፣ በሌላ ቦታ ክፍት የሆነውን ሁሉ አዘጉ፣ ኢሜይላችሁ ወደማታውቁት አድራሻ እየተላለፈ እንዳይሆን ሴቲንጉን እዩ፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቆልፉት። ጋዜጠኛ ወይም የፖለቲካ ሰው ከሆናችሁ ግን ባለሙያ ሳያየው አትደምስሱት፤ ኪዳኔን ፍርድ ቤት ያደረሰው ያ የቀረው ዱካ ነው። ሌላችሁ ፎቶና ጽሑፋችሁን ብቻ ቅዱ፣ ፕሮግራም አትቅዱ፤ ዲስኩን ፎርማት አድርጋችሁ በሌላ ኮምፒውተር ካዘጋጃችሁት ዩኤስቢ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫኑ። የተቀዳውንም ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት አስመርምሩ።

ይህን ሁሉ አድርጎ አገር ቤት ላሉት ዝም የሚል አለ፤ አፍሮ ይሆናል። ያቺ እኅትህ ግን ስሟና የጻፈችልህ ሁሉ በማን እጅ እንደገባ የማወቅ መብት አላት። ዛሬውኑ፣ በሌላ ስልክ፣ ደውለህ ንገራት።